ቅባት ያላቆመው ቁስል፦ ከሰሜን ሸዋ የአንድ ቤተሰብ የኢምፔታይጎ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ይጻፋል

ጉዳዩ የተፈጠረው ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ደጋ ላይ፣ አንድ ቤት ውስጥ ነው። አባት፣ እናት፣ አያትና አራት ልጆች ይኖሩበታል። ልጆቹ ተራ በተራ ቆሰሉ። ቁስሉ ይድናል፣ ይመለሳል። አባትየውም አልቀረለትም። በመጨረሻ አንደኛው ልጅ ኩላሊቱ ታሞ ሆስፒታል ተኛ።

እኔ በአካባቢው ጤና ጣቢያ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። የሰው ስም አልጠቅስም፤ ቀበሌውንም አልናገርም። ቤተሰቡ ለሌላ ቤት ይጠቅም እንደሆን ብለው እንዲጻፍ ፈቅደዋል።

በሽታው ኢምፔታይጎ ይባላል። የሚድን በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በዓለም ላይ በማንኛውም ጊዜ ከ162 ሚሊዮን በላይ ልጆች ይህ ቁስል እንዳለባቸው ገምቷል። አብዛኞቹ ድሃ አካባቢ የሚኖሩ ናቸው። ቁስሉ ስለማይገድል ማንም አይደነግጥለትም። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ቤቱና ኑሮው

ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ቤቱ የድንጋይ ግድግዳና የሣር ክዳን አለው። ሦስቱ ልጆች ከአያታቸው ጋር አንድ መደብ ላይ ይተኛሉ። ከሥር አጎዛ ይነጠፋል፤ ከላይ ባና ይለበሳል። የሰባት ወሩ ሕፃን ከእናቱ ጋር ነው።

ባና ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው። በዚያ ብርድ ታጥቦ ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል። ውሃ ከምንጭ በጀሪካን ይመጣል። የሚነደው ኩበት ነው። ገላ መታጠቢያ ውሃ ማሞቅ ማለት ለእንጀራ የተቀመጠውን ማገዶ መንካት ማለት ነው። ይህን በዝርዝር የምጽፈው በምክንያት ነው። «ንጽሕና ጠብቁ፣ ሁሉን እጠቡ» ማለት ለእኛ ለባለሙያዎች ቀላል ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ካላወቅን ምክራችን በር ላይ ይቀራል።

ቁስሉ እንዴት ገባ

ኅዳር ላይ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ጉንፋን ያዛት። አፍንጫዋ ሲፈስና ስትጠርገው ቆዳዋ ተላጠ። ከዚያ አፍንጫዋ ሥር ትንሽ ቀይ ነገር ወጣ። ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ በላዩ የማር ቀለም ያለው ቅርፊት ሠራ። በሳምንት ውስጥ ወደ አገጯ ወረደ። የክፍል ጓደኞቿም እንዲህ ያለ ቁስል እንደነበራቸው እናትየው ኋላ ላይ ነግራናለች።

አያትየው አዩትና ምች ነው አሉ። ከንፈር አካባቢ የሚወጣ ነገር ሁሉ በአካባቢው መጀመሪያ ምች ነው የሚባለው። ዳማከሴ አሽተው ቀቡላት። ልጅቷ እሳቸው ጋር መተኛቷን ቀጠለች። ብዙም ሳይቆይ የስድስት ዓመቱ ወንድሟ ክንዱና እግሩ ላይ ቆሰለ። ቀጥሎ የአራት ዓመቱ። ሕፃኑ ደግሞ ጭኑና ብሽሽቱ ላይ ትልልቅ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች ወጡበት። ሲፈርጡ ቀጭን ቡናማ ሽፋን ይተዋሉ።

ቤተሰቡ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። እናትየው ከጎረቤት የተገኘ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍታ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሰች። አልተሻለም። ልጆቹ ማታ ማታ ስለሚያካቸው አባትየው ከአንድ መድኃኒት ቤት የማሳከክ ቅባት ገዝቶ መጣ። ቅባቱ ስቴሮይድ ያለበት ነበር። ማሳከኩ ትንሽ ረገብ አለ፤ ቁስሉ ግን ሰፋ። ስቴሮይድ ቅላትንና ማሳከክን ያደበዝዛል፤ ባክቴሪያን አይገድልም። እንዲያውም የቆዳውን መከላከያ ያዳክማል።

በሽታው ምንድን ነው

ኢምፔታይጎ የላይኛው ቆዳ የባክቴሪያ ሕመም ነው። ሁለት ባክቴሪያዎች ያመጡታል። አንዱ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ነው። ሌላው ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ ነው። ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜም ብዙ ነው። ስታፊሎኮከስ ከሦስት ጤነኛ ሰው በአንዱ ገደማ አፍንጫ ውስጥ ያለምንም ምልክት ይኖራል። ቆዳ ሲላጥ፣ ሲታከክ፣ ነፍሳት ሲነክሱት በር ያገኛል።

በብዛት የሚያጠቃው ከ2 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ሁለት መልክ አለው። ቅርፊት የሚሠራው ዓይነት በጣም የተለመደው ነው። ትልልቅ ውሃ የሚቋጥረው ዓይነት ሕፃናት ላይ ይበዛል። ይህን የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ ብቻ ነው፤ የቆዳን ሽፋኖች የሚያላቅቅ መርዝ ያመነጫል። በዚህ ቤት ሁለቱም መልክ ታይቷል።

የሚተላለፈው በንክኪ ነው። ቁስሉን የነካ ጣት፣ ፎጣ፣ ነጠላ፣ ምላጭ ያስተላልፋል። ጥፍር ደግሞ በዚያው ልጅ ገላ ላይ ከቦታ ቦታ ያዛምተዋል። አዋቂም ይያዛል፤ ብዙ ጊዜ ከልጅ ነው የሚወስደው። በአዋቂ ላይ ቁስሉ ከበዛ ወይም ከተመላለሰ የስኳርና የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው ሕክምና

ታኅሣሥ ላይ እናትየው በጣም የባሰበትን የስድስት ዓመቱን ልጅ ይዛ ጤና ጣቢያ መጣች። ክሎክሳሲሊን የተባለ አንቲባዮቲክ (ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት) በሽሮፕ ለሰባት ቀን ታዘዘለት። መድኃኒቱ ትክክል ነበር። ቁስሉ ጥቂትና አንድ ቦታ ላይ ሲሆን ሙፒሮሲን ወይም ፉሲዲክ አሲድ ቅባት ለአምስት ቀን ያህል ይበቃል። ቁስሉ ሲበዛ፣ ብዙ የቤት ሰው ሲይዝ ወይም ትኩሳት ሲኖር በአፍ የሚወሰድ ያስፈልጋል። ክሎክሳሲሊንም ሴፋሌክሲንም ሁለቱን ባክቴሪያዎች ይመታሉ።

በአራተኛው ቀን ልጁ ፊቱ ጠራ። እናትየው መስጠቱን አቆመች። የተረፈውን ለታናሹ አካፈለች። ማን ይፈርድባታል? አራት የታመሙ ልጆችና አንድ ጠርሙስ ነው ያላት። ግን ሁለቱም ሙሉውን አላገኙም። የተበጠበጠ ሽሮፕ ደግሞ ያለ ፍሪጅ ከሳምንት በላይ ኃይሉ አይቆይም። የገና በዓል ሳያልፍ ቁስሉ ሁለቱም ላይ ተመለሰ።

ካርዱ ላይ የተጻፈው ስለ አንድ ልጅ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ሌላ የሚያክከው፣ ሌላ የቆሰለ ሰው አለ ወይ የሚለው ጥያቄ የለም። ቦታው ባዶ ነው።

ቤት ሲታይ የተገኘው

ነገሩን የፈታችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ለሕፃኑ ክትባት ቤት ለቤት ስትሄድ ልጆቹን አየቻቸው፤ ደወለችልኝና አብረን ሄድን። እሷ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ቁስሉ አይደለም። «ሌሊት ማን ማን ነው የሚያክከው?» አለች። አያትየው ሳቁና «ልጄ፣ ማን የማያክከው አለ ብለሽ ጠይቂ» አሏት።

እጃቸውን ዘርግተው አሳዩን። በጣቶቻቸው መካከል፣ አንጓቸው ላይ፣ ወገባቸው ዙሪያ ደቃቅ ሽፍታና የተቧጨረ ቆዳ ነበር። ልጆቹም እንዲሁ። ሕፃኑ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ሳይቀር። እከክ ነው።

ማለትም ኢምፔታይጎው ከላይ የተደረበ ነበር። ከሥር ያለው እከክ ቆዳውን በየሌሊቱ ይከፍታል። ባክቴሪያው በዚያ ይገባል። አንቲባዮቲክ ቁስሉን ያደርቃል፤ እከኩ ደግሞ አዲስ በር ይከፍታል። በሰሜን ሸዋም ሆነ በሌላው የአማራ ክልል እከክ እንግዳ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በክልሉ በብዙ ወረዳዎች ተዛምቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ትኩረት ካጡ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ደጋ ላይ በብርድ ምክንያት ተጠጋግቶ መተኛት ለእከክ ምቹ ነው።

ምን ተደረገ

አንደኛ፣ ለአራቱም ልጆች በየክብደታቸው ክሎክሳሲሊን ታዘዘ። ለእያንዳንዱ የራሱ ጠርሙስ ተሰጠ፤ ጠርሙሱ ላይም የልጁ ምልክት ተደረገ። እናትየው ማንበብ ስለማትችል ምልክቱን ልጅቷ በእስክሪብቶ ሳለች። ክሎክሳሲሊን በባዶ ሆድ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ነው የሚሰጠው። ልጆቹ ጠዋት ጸበል ይጠጡ ነበር። የንስሐ አባታቸው ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ ውሰዱ፣ አንዱ አንዱን አይከለክልም አሏቸው። የሳቸው ቃል ከእኛ ምክር በላይ ሠርቷል። የጠዋቱ መድኃኒት ከጸበሉ ቀጥሎ ሆነ፤ የተዘለለ ቀን አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ቁስሉ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ታጠበ። ቅርፊቱ ሲለሰልስ በቀስታ ይነሳል። ጥፍር ሁሉ ተቆረጠ። ሳሙናው ተራ የልብስ ሳሙና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በካራቺ ድሃ ሰፈሮች ላይ የታተመ ጥናት እጅን በተራ ሳሙና መታጠብ የኢምፔታይጎን መከሰት በ34 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ባክቴሪያ የሚገድል የተባለው ውድ ሳሙና ከተራው አልበለጠም።

ሦስተኛው እከኩ ነው። ፐርሜትሪን የተባለው የእከክ ቅባት በወቅቱ አልነበረንም። ሰልፈር ቅባት ነበር። ቁስሉ ማዠቱን ካቆመ በኋላ ሰባቱም ሰዎች በአንድ ምሽት ጀመሩ። የማያክከውም ተቀባ፤ እከክ መጀመሪያ ሲይዝ ምልክቱ ለመታየት ከአንድ ወር በላይ ሊቆይ ስለሚችል ነው። ለሦስት ተከታታይ ሌሊት ከአንገት በታች ሁሉም ቦታ ተቀቡ። የሕፃኑ ቀለል ያለ፣ 5 በመቶ ነበር፤ ከዓይንና ከአፍ አካባቢ በስተቀር ራሱና ፊቱም ተቀብቷል። ከሳምንት በኋላ ተደገመ። ሰልፈር ይሸታል። ልጅቷ «ተማሪ ይስቅብኛል» ብላ አለቀሰች። ስለዚህ ዓርብ ማታ ተጀምሮ እሑድ ሌሊት አለቀ፤ ሰኞ ጠዋት ታጥባ ሄደች።

ያልሠራውና የተቀየረው

መጀመሪያ የተሰጠው ምክር ልብሱ ሁሉ ይቀቀል፣ ባናውም ይታጠብ የሚል ነበር። አልሆነም። እናትየው በትሕትና «እሺ» አለች። በማግሥቱ ምንም አልታጠበም። ውርጭ ባለበት ሌሊት እርጥብ ባና ይዞ ልጅ ማሳደር አይቻልም።

ተቀምጠን ከእሷው ጋር መከርን። የእከክ ነፍሳት ከሰው ገላ ከተለዩ በተለመደው ሙቀት ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይሞታሉ። በቅዝቃዜና በእርጥበት ግን ዕድሜያቸው ይረዝማል። ስለዚህ እዚህ አገር አንድ ሳምንት ይሻላል አልን። ቤቱ ያሉት ሁለት ባናዎች ናቸው። አንዱ በፕላስቲክ ከረጢት ታሥሮ ለሳምንት ተቀመጠ። ሌላው ቀን ቀን ፀሐይ ላይ እየተሰጣ አገለገለ። ከዚያ ተለዋወጡ። አጎዛውም እንዲሁ። የተቀቀለው ገላ የሚነካው ስስ ልብስ ብቻ ነው፤ ለዚያ ማገዶው በቃ። እከክ በዋናነት የሚተላለፈው ከገላ ወደ ገላ ነው። ሁሉም በአንድ ሌሊት መቀባታቸው ከባናው ይበልጣል። ቅድሚያውን እንዲህ ስንነግራት ፊቷ ፈታ አለ።

ሌላው ያልሠራው ለብቻ ማስተኛት ነው። የታመመውን ልጅ ለይቶ የሚያስተኛ ሌላ መደብ የለም። ይህን ምክር ትተን ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ መተኛትን መረጥን። ልጅቷ አንቲባዮቲክ ከጀመረች በኋላ ለሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ካለፈ ማስተላለፉ በጣም ይቀንሳል።

ለጥምቀት እንግዳ መጥቶ ነበር። የአክስት ልጆች ከእነሱ ጋር አድረው ሄዱ። ሁለቱ ከሳምንታት በኋላ ማከክ ጀመሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሌላኛዋ ቀበሌ ላለች ባልደረባዋ ደውላ እዚያም ቤት ታከመ።

ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላም ለሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። አያትየው መድኃኒቱ አልያዘም ብለው ወደ መጀመሪያው የማሳከክ ቅባት ሊመለሱ ነበር። የሞተው ነፍሳት ቅሪት ቆዳ ውስጥ ስላለ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ማሳከክ የተለመደ ነው። ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባል።

አባትየው

አባትየው ለገና ጢሙን ተላጨ። መንደር ውስጥ እርስ በርስ መላጨት የተለመደ ነው፤ ምላጩም አንድ ነው። ከቀናት በኋላ ጉንጩና አገጩ ላይ ቅርፊት ያለው ቁስል ወጣበት። በየጊዜው መላጨቱን ሲቀጥል ምላጩ ቁስሉን ፊቱን ሙሉ አዳረሰው። የሰባት ቀን አንቲባዮቲክ ወሰደ፤ እስኪድን መላጨት አቆመ፤ የራሱን ምላጭ ለየ። የስኳር ምርመራውም ደህና ነበር። አብሮት የተላጨውን ጎረቤት ራሱ ይዞ መጣ። ይህን ያደረገው ማንም ሳይጠይቀው ነው።

የልጁ ኩላሊት

ከሁሉም የከበደው ይህ ነው። ጥር መጨረሻ ላይ፣ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ፣ የስድስት ዓመቱ ልጅ ጠዋት ሲነሳ ዓይኑ ሥር አብጦ ታየ። እናትየው እንቅልፍ በዝቶበት ነው ብላ አለፈችው። በሦስተኛው ቀን ሽንቱ ጠላ መሰለ። ይህን ስታይ ይዛው ሮጠች።

ደም ግፊቱ ለዕድሜው ከፍ ያለ ነበር። የሽንት ምርመራው ደምና ፕሮቲን አሳየ። ስትሬፕቶኮከስ ካመጣው የቆዳ ቁስል በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ውስጥ፣ ኩላሊት ሊቆጣ ይችላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራው ነገር ኩላሊቱ ውስጥ ተጣርቶ ይቀራል። አንቲባዮቲክ በሰዓቱ መስጠት ባክቴሪያው ወደ ሌላ ልጅ እንዳይዛመት ያደርጋል፤ ይህን ችግር ግን ሁልጊዜ አያስቀርም። ስለዚህ ክትትል ያስፈልጋል።

በዚያው ቀን ደብረ ብርሃን ወዳለ ሆስፒታል ተላከ። ተኝቶ ጨው ተከለከለ፤ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ተሰጠው፤ ግፊቱ ወረደ። እብጠቱ ጠፋ። አብዛኞቹ ልጆች ከዚህ ሙሉ በሙሉ ያገግማሉ። በዓይን የማይታይ ደም ግን ሽንት ውስጥ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል በየወሩ ሽንቱና ግፊቱ ይታያል።

ለሌላ ቤት የሚተርፈው

የቆሰለ ልጅ ሲመጣ ቤቱ አብሮ መጠየቅ አለበት። ማን ያክከዋል? ማን ከማን ጋር ይተኛል? ማን ከማን ጋር ይላጫል? አሁን እኛ ጋ እነዚህ ጥያቄዎች ካርዱ ላይ ይጻፋሉ። ሌሊት ሌሊት የሚያክክ ከአንድ ሰው በላይ ካለ እከክን አስቡ፤ ሁሉንም በአንድ ምሽት አክሙ።

መድኃኒት ስታዝዙ ቤት ውስጥ ያሉትን ልጆች ቁጠሩ። አንድ ጠርሙስ ለአራት ልጅ ከሰጣችሁ ይካፈላል። እናትን መውቀስ ዋጋ የለውም።

ለወላጆች ደግሞ ይህን እላለሁ። የካፕሱል ዱቄት ቁስል ላይ አትነስንሱ። ስሙን የማታውቁትን የማሳከክ ቅባት አትግዙ። ዳማከሴ ቀብታችሁ በጥቂት ቀን ካልተሻለ፣ ወይም ቅርፊቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ጤና ኬላ አሳዩ። አያቶችን አትጋፏቸው። እኚህ አያት ኋላ ላይ የልጆቹን ጥፍር በየሳምንቱ የሚቆርጡት እሳቸው ሆነዋል፤ መድኃኒት የሚያስታውሱትም እሳቸው ናቸው።

ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምና የምትሄዱባቸው ምልክቶች አሉ። ትኩሳት ከመጣ፣ ከቁስሉ ዙሪያ ቅላትና እብጠት ከተዛመተ፣ ሕፃን ጡት እምቢ ካለ ወይም ቆዳው በሰፊው ከተላጠ አትጠብቁ። ቁስሉ ከዳነ በኋላም ለስድስት ሳምንት ያህል የልጁን ፊት ጠዋት ጠዋት እዩ። ዓይኑ ሥር ካበጠ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ካነሰ፣ ራሱን ካመመው በዚያው ቀን ውሰዱት፤ ስትደርሱም ከሳምንታት በፊት ቆዳው ቆስሎ እንደነበር ለባለሙያው ንገሩ።